ከሁለተኛው በፊት አንደኛውን?

«ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን ልጀምር ነው፤ አንደኛውን ብዘለው ምን ይቀርብኛል?» የሚለኝ ሰው በዛ። አትዝለሉት።

ግራ የሚያጋባው፣ ኋላ የወጣው ጌም የሚተርከው የቀደመውን ዘመን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ታሪኩ 1911 ላይ ነው፤ የ2018ቱ ግን ወደ 1899 ይመለሳል። ስለዚህ ብዙዎች በዘመኑ ቅደም ተከተል መጫወትን ይመርጣሉ። እኔ አልስማማም። በአንደኛው የመንግሥት ሰዎች የዋናውን ገጸ ባሕርይ የጆን ማርስተንን ሚስትና ልጅ ይዘው፣ የድሮ የወንበዴ ጓዶቹን እንዲያሳድድ ያስገድዱታል። አለቃቸውን ዳችን የምታገኙት አብቅቶለት ነው። ያንን ካያችሁ በኋላ፣ በሁለተኛው ያው ዳች በካምፑ መሃል ቆሞ ተስፋ ሲመግባቸው ስትሰሙ ሆዳችሁ ይረበሻል። የሁለተኛው ዋና ገጸ ባሕርይ አርተር ሞርጋንማ በአንደኛው ስሙ እንኳ አይነሳም! (ገና አልተፈጠረማ።)

አዎ፣ አሮጌው አሮጌ ነው። ተልዕኮዎቹ ይደጋገማሉ፣ የሜክሲኮው ክፍል ተንዛዝቷል፣ ጆንም ጥልቅ ውኃ ከገባ አለቀለት፤ ዋና የሚባል ነገር አያውቅም። ግን ወንዙን ተሻግራችሁ ሜክሲኮ ስትገቡ ዘፈን ይጀምራል። ያኔ ፈረሱን አታስሩጡት፤ ዝም ብላችሁ ሂዱ።

ደግሞ ከ2024 ወዲህ ኮምፒውተር ላይም አለ። 150 ጊጋባይት የሚጠይቀው ሁለተኛው እስኪወርድ ድረስ ትጨርሱት ይሆናል።