ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር

በእኛ አገር ሆድ የእህል ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ የምሥጢርም ጎተራ ነው። የምንወደውን ሰው «ሆዴ» እንላለን። ታጋሹን «ሆደ ሰፊ»፣ ቶሎ የሚከፋውን «ሆደ ባሻ» እንለዋለን። የማይነገር ነገር ሲገጥመን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንዘጋዋለን። እኔ ይህን ሁሉ የተሸከመ ሆዴን ለሐኪም ቢላዋ ያስረከብሁት ጥር 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከዋሽንግተን ከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ሆስፒታል፣ ምክንያቱ ውፍረት ነበር። ቢላዋው ሥራውን በሁለት ሰዓት ጨርሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሊገድለኝ የነበረው ግን ያው «ሆድ ይፍጀው» ያልሁት ነገር ነው። አንባቢ ከታገሠኝ ታሪኩን ላጫውት።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ 53፣ ቁመቴ አንድ ሜትር ከ72፣ ክብደቴ 139 ኪሎ ነበር። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ታክሲ ነጂ ተቀምጦ ይውላል፣ ተቀምጦ ይበላል፣ እቤቱ ገብቶም ደክሞት ይቀመጣል። ስኳሩና ደም ብዛቱ ተከታትለው መጡ። ሌሊት ትንፋሼ እየተቋረጠ ባለቤቴ በክርኗ እየጎሸመች ትቀሰቅሰኝ ነበር። ላገር ቤት ሰው ግን እኔ የተመቸኝ ሰው ነበርሁ። እናቴ ፎቶግራፌን ደሴ ላይ ለጎረቤት እያሳየች «ልጄን አሜሪካ ተስማማው» ትል ነበር።

አልፈርድባትም። የ66ቱንም የ77ቱንም ረሃብ ወሎ ላይ ሆና ያየች ሴት ናት። ለ66ቱ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከሰሜን በኩል በአውራ ጎዳናው ዳር እየተጎተቱ ወደ ከተማችን የሚገቡትን ሰዎች አስታውሳለሁ። እናቴ ካላት ላይ ቆርሳ ትሰጥና ከዚያ በሩን ገጥማ እኔን ታበላኝ ነበር። «ጨርስ፣ አታስተርፍ» ትለኛለች። ጠግቤያለሁ ማለት ያን ጊዜ እንደ ኃጢአት ነበር። በእናቴ ዓይን ውፍረት ጤና ነው፤ መክሳት ደግሞ ምን እንደሆነ በመንገዱ ዳር አይታዋለች።

ስለ ኦፕራሲዮኑ መጀመሪያ የነገረኝ የስኳር ሐኪሜ ነው። እሱ የላከኝ የቀዶ ጥገና ሐኪም ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «ቁጥርህ 47 ነው፤ ታሟላለህ» አለኝ። ምን እንዳሟላሁ ሳይገባኝ ወጣሁ። ቁጥሩ በኋላ እንደተረዳሁት ክብደት በኪሎ ተወስዶ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት ጉባኤ ኦፕራሲዮኑ ቁጥራቸው 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ለተጨመረባቸው ሰዎች እንዲሆን መክሮ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የሙያው ማኅበራት ወሰኑን ዝቅ አድርገው 35 ለሆነ ሁሉ፣ የስኳር በሽታ ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይሁን ብለዋል።

ሁለተኛዋ ሐኪም በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው በወረቀት ላይ ጨጓራ ሣሉልኝ። ከላይኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ከረጢት ለዩና «ይቺ የአንተ ጨጓራ ትሆናለች» አሉኝ። የቡና ሲኒ ግማሽ ያህል ብቻ የምትይዝ ናት። ከዚያ ትንሹን አንጀት ቆርጠው ከከረጢቷ ጋር ሲያገናኙት፣ የቀረው ጨጓራ እህል ሳያይ እዚያው እቦታው ይቀመጣል። ታሪኩንም ነገሩኝ። በ1954 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ውስጥ የተጀመረው ኦፕራሲዮን ረጅሙን የአንጀት ክፍል ከሥራ ውጭ ያደርግ ነበር። ሰዎቹ ከሱ፤ ብዙዎቹ ግን ጉበታቸው ተጎዳ፣ ኩላሊታቸው ጠጠር ያዘ፤ በመጨረሻም ተተወ። በ1966 እ.ኤ.አ. አዮዋ ውስጥ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን የእኔን ዓይነቱን የጀመሩት፣ በጨጓራ ቁስል ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቆረጠ ሰዎች ከስተው እንደሚቀሩ ታይቶ ስለነበር ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሆድ ሳይሰነጠቅ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ ይሠራል።

«ሥራው የሁለታችን ነው» አሉኝ ሲጨርሱ። «እኔ ሁለት ሰዓት እሠራለሁ፤ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ትሠራለህ። ቪታሚንህን ትወስዳለህ፣ የሚሰማህን ሁሉ ትነግረኛለህ።» እኔም «እሺ» አልሁ። የእኛ «እሺ» ስንት ትርጉም እንዳለው ሴትዮዋ ከየት ይወቁት!

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ከሆስፒታል ስወጣ ኢንሱሊኑን አስቆሙኝ። ክብደቴ ገና ምንም ሳይቀንስ ስኳሩ እንዴት እንደወረደ ስጠይቅ፣ የአንጀቱ መንገድ ሲለወጥ በሰውነት ውስጥ ያሉ የመልእክት ቅመሞችም እንደሚለወጡ አስረዱኝ። ከዚያ መረቅ፣ ከዚያ የላመ ምግብ፣ እያልሁ አራት ሳምንት አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት ሥራ ጀመርሁ፤ በዚያው ሳምንት ማስመለስም ጀመረኝ።

መጀመሪያ በቀን አንድ ጊዜ ነበር፤ ከዚያ የቀመስሁትን ሁሉ ሆነ። ቪታሚኑም አብሮ ይወጣል፤ ኋላ እኔው ተውሁት። በስድስተኛው ሳምንት ለቀጠሮ ሄድሁና ሚዛን ላይ ቆምሁ፤ 117 ኪሎ። ነርሷ አጨበጨበችልኝ። ሐኪሜ ብቅ ብለው «እንዴት ነህ?» አሉ። «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ፈገግ ብለው ወደ ሌላው ታካሚ አለፉ።

ለምን ዋሸሁ? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። አንዱ ምክንያት ይሉኝታ ነው። ሆዴን በሰላም የሠሩልኝን ሴት «ሥራዎ ተበላሸ» ያልሁ መሰለኝ። ሁለተኛው እፍረት ነው። «ይበቃኛል ማለት አቅቶት ሆዱን አስቀደደ» ያለኝ ጓደኛ ነበርና፣ ደግሞ አሁን መብላት አቃተው እንዳይባል ፈራሁ። ሦስተኛውን መናገር ይከብደኛል፤ ሚዛኑ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ባስመለስሁ ቁጥር ኪሎው ይወርዳል። ዕድሜዬን ሙሉ ያላገኘሁት ጭብጨባ ነበርና እንዳይቋረጥብኝ ሳሳሁ።

የካቲት 25 ቀን ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባቴ ገና ከኦፕራሲዮኑ በፊት «አንተ ዘንድሮ በሽተኛ ነህ፣ ጾሙ አይመለከትህም» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ለባለቤቴ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም» ብዬ ጾሙን መደበቂያ አደረግሁት። ከበረከቱ ቀርቶ ከኃጢአቱ ያውጣኝ።

አንድ ቀን ማታ አንዲት አሮጊት ከነልጅ ልጃቸው አሳፍሬ ስነዳ፣ ከፊቴ ያለው አንድ ቀይ መብራት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ፍሬን ረገጥሁ። እግሬ ግን መርገጡን አያውቅም፤ ከቁርጭምጭሚቴ በታች የሌላ ሰው እግር ይመስላል። መኪናው መስቀለኛውን መንገድ ግማሽ ድረስ አልፎ ቆመ። በግራ በኩል የመጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን እያስጮኸ በክንድ ርቀት አለፈን። ሕፃኗ አለቀሰች። እኔ ሂሳብ ሳልቀበል አወረድኋቸውና መሪው ላይ ተደፋሁ።

እቤት ስገባ ግድግዳ ይዤ ነበር። ባለቤቴ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ስልኩን አንሥታ በቀጥታ ሐኪሟን አስጠራች። «ከሦስት ሳምንት በላይ ያስመልሰዋል፤ ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ እየከፈተ ይደብቀኛል» ስትል ሰማኋት። ለካ ታውቅ ኖሯል!

ሐኪሜ እኔ ከመድረሴ በፊት ድንገተኛ ክፍል ቆመው ጠበቁኝ። ዓይኔን በጣታቸው አስከተሉኝ፣ አስቁመው አራመዱኝ። ከዚያ ለነርሷ «ስኳር ያለው ፈሳሽ እንዳትሰጪው፤ መጀመሪያ ታያሚን» አሏት። ታያሚን ቪታሚን ቢ አንድ ነው። ሰውነታችን ከጥቂት ሳምንት ስንቅ በላይ አያከማችም። ሰው ሳያቋርጥ ካስመለሰ ያልቅበታል፤ ሲያልቅ ዓይን ይምታታል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል፣ ከቆየም ማስታወስ ይጠፋል፤ የጠፋውም ላይመለስ ይችላል። በደም ሥሬ በገባልኝ በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይኔ ጠራ። የማስመለሱ ምክንያትም ታወቀ። ከረጢቷና አንጀቱ የተገናኙበት በር ጠባሳ ሲሠራ ጠቦ ነበር። በጉሮሮዬ ባስገቡት ቱቦ ትንሽ ፊኛ አድርሰው እየነፉ አሰፉት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። በአምስተኛው ሳምንት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይኸው ነበር።

በማግሥቱ ሐኪሜ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ተቆጥተው ነበር። «ትሑት ሰው ነህ» አሉኝ፤ «ትሕትናህ ግን ሊገድልህ ነበር።» አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። «ሚዛኑን አይቼ ደስ አለኝና አንተን ሳላይ አለፍሁ። ከእንግዲህ እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ዛሬ ምን በላህ፣ ስንት ጊዜ አስመለስህ፣ እግርህ ይሰማሃል ወይ ብዬ ነው የምጠይቅህ።» እስካሁን የሚጠይቁኝ እንዲሁ ነው። በእውነት እላለሁ፣ ሆዴን ከከፈቱበት ሰዓት ይልቅ ያን ጧት ነው ሐኪሜ የሆኑት።

ሆስፒታሉ በወር አንድ ማታ ታካሚዎቹን ሰብስቦ ያወያያል። ከዚያ ወዲህ መሄድ ጀመርሁ። አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ 50 ኪሎ ከቀነሱ በኋላ 30ው ተመልሶባቸው፣ አራት ዓመት ሐኪማቸው ፊት ሳይቀርቡ ቆይተዋል። «ያሳፈርኋት መሰለኝ» አሉን። ሲመለሱ ሐኪሟ የተናገሯቸው፣ ክብደት በከፊል መመለሱ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ መሆኑን ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውፍረት የተፈቀደውን በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒትም አዘዙላቸው። በእፍረት ያባከኑትን ጊዜ ሲያስቡ አለቀሱ።

አንድ ጎልማሳ ደግሞ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «እኔስ ነግሬ ነበር። ሆዴን ያመኛል ስል ብዙ በልተህ ነው አለኝ። ሦስት ጊዜ ነገርሁት፤ ሦስት ጊዜ ምን በልተህ ነው አለኝ። ወፍራም ሰው የተናገረው አይታመንም።» ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሲመረመር አንጀቱ ታጥፎ ተገኘ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ለገለጠውም ጆሮ ያለው ሐኪም ካልተገኘለት ተረቱ ግማሽ ነው።

ጥር 2012 ዓ.ም. ለጥምቀት ደሴ ገባሁ፤ ክብደቴ 88 ኪሎ ነበር። ለእናቴ ምንም አልነገርኋትም። በር ላይ አቅፋኝ ትከሻዬን ዳሰሰችና ክንዷን አነሣች። «ምን አደረጉብህ ልጄ?» አለች። ጎረቤት ሲሰበሰብ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። በ1990ዎቹ ከስቶ የመጣን ሰው እንዴት እናይ እንደነበር ስለማስታውስ የሚያስቡት ገባኝ። ዶሮ ቀረበ። እናቴ እንደ ድሮው ሞላ ያለ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ላከች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልውጠው አሰብሁ፤ ብውጠው ደግሞ እንደሚመለስ አውቃለሁ። እጇን ያዝሁና ሰው ሲወጣ ሁሉንም ነገርኋት። ሸሚዜን ገልጬ አምስቱን ትንንሽ ጠባሳዎች አሳየኋት።

በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ያኔ አብዝቼ አብልቼህ ነዋ» አለችኝ። ከኦፕራሲዮኑ ሁሉ ያቺ ቃል አመመችኝ። «አይደለም እማዬ፤ አንቺ ባታበይኝ ኖሮ የሚቀደድ ሆድስ መቼ ይኖረኝ ነበር» አልኋት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። ግን ጉርሻውን መልሳ ሳህኑ ላይ ፈታችውና የአውራ ጣቷን ጥፍር የምታህል አዲስ ጠቀለለች። በቀስታ አኝኬ ዋጥሁት።

ከሁለቱ የግራ እግር ጣቶቼ ስሜቱ ዛሬም አልተመለሰም። ጫማ ሳደርግ ያስታውሱኛል። ቪታሚኔን በየቀኑ እውጣለሁ፤ ደሜን በየዓመቱ አስመረምራለሁ። እናቴ እሑድ እሑድ ስትደውል የምትጠይቀኝ ያው ልጅ ሆኜ የምትጠይቀኝን ነው፤ «ዛሬ ምን በላህ?» ትለኛለች። ድሮ «ጠግቤያለሁ» ብዬ አልፋት ነበር። አሁን ከእንቁላሉ እስከ ሽሮው አንድ በአንድ እቆጥርላታለሁ፤ ያላስማማኝንም ጭምር።