ኮሞደስ ለምን አስለቀሰኝ?

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው አንድ ሕግ ያውቃል፦ አክተር አይሞትም።

«ግላዲያተር»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሰፈራችን ካለው ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን ነው። ያን ቀን ሕጉ ተሻረ። ማክሲመስ ሲሞት ትልልቆቹ ልጆች ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ያለቀስኩት ገና ፊልሙ ሲጀምር ነበር፤ ለዚያውም ለክፉው ሰው፣ ለኮሞደስ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ተብሎ ይነገራል?

ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ ጦር ግንባር ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከእሱ በኋላ ሥልጣኑን የሚረከበው ማክሲመስ እንደሆነ ለልጁ ይነግረዋል። ኮሞደስ ሰይፍ አልመዘዘም። አለቀሰ። አባቱ የሚኮራበት ልጅ ለመሆን ምን ያህል እንደደከመ ተናገረ። አባትየው ተንበረከከ፤ የልጁ ጉድለት የራሱ የአባትነት ጉድለት መሆኑንም አመነ። ልጁ አቀፈው። ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው። ትንፋሹ እስኪቆም አልለቀቀውም።

እስኪ አስቡት፤ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘውን እቅፍ ያገኘው አባቱን በገደለባት ቅጽበት ነው።

በዚያው ሳምንት ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ከገጠር መጥቶ ከእኛ ጋር የሚኖር የአጎቴ ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። አባቴ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ አሰረለት። እኔ ዓይኔን የጣልኩበትን ሰዓት! የእኔ ደረጃ ሃያ ምናምነኛ ስለነበር አባቴ አልተሳሳተም። ግን ልብ ይህን ትሰማለች? በማግስቱ የልጁን የሒሳብ ደብተር ወስጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ሲፈልገው አብሬው ፈለግሁ።

ካደግሁ በኋላ ታሪኩን ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። እውነተኛው ማርከስ ኦሬሊየስ ልጁን ዙፋን አልከለከለውም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ177 ዓ.ም. እሱ በሕይወት እያለ የሥልጣኑ ተካፋይ አድርጎታል። በ180 አባትየው ሲሞት ኮሞደስ ብቻውን ነገሠ፤ በ192 ናርሲሰስ የተባለ ታጋይ አንቆ ገደለው። ማክሲመስ የፊልሙ ፈጠራ ነው።

ታዲያ ፊልም ሠሪዎቹ አባትየው የሰጠውን ዙፋን ለምን ነጠቁት? እንደሚመስለኝ ሁሉ ተሰጥቶት የሚከፋን ሰው እንጠላዋለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን። ተከልክሎ የከፋው ግን አብሮን ወደ ቤት ይመጣል።

«300» ላይ ያለውን ዜርክሲስ ተመልከቱ። ቁመቱ የትየለሌ፣ ወርቅ ያጥለቀለቀው፣ ራሱን አምላክ ያደረገ ንጉሥ ነው። ዓይን ይሞላል። ግን ምኑን እንደሚያመው አናውቅም። በ1959 በወጣው «ቤን ሁር» ውስጥ ያለው ሜሳላ ደግሞ ምንም ጌጥ አያስፈልገውም። የቤን ሁር የልጅነት ጓደኛ ነው። ከጣሪያው የወደቀው ሸክላ ድንገተኛ አደጋ መሆኑን እያወቀ ጓደኛውን ለመርከብ ቀዛፊነት፣ የጓደኛውን እናትና እህት ለእስር አሳልፎ ይሰጣል። የሚያስፈራው የሮም ጦር ስላለው አይደለም፤ ስለሚያውቃቸው ነው።

«ክፉን ሰው እንዲህ ማስረዳት ማጽደቅ አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ድንኳኑን ደግሜ ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነው። አባትየው ተንበርክኮ ነበር። ጥፋቱን አምኖ ነበር። ኮሞደስ እጁን ትንሽ ቢያላላ ኖሮ አባትና ልጅ አብረው አልቅሰው ይወጡ ነበር። ቁስሉን ሌላ ሰው አቆሰለው፤ እጁን ግን ያጠበቀው ራሱ ነው። ጥሩ ክፉ ገጸ ባሕርይ ሁለቱንም ያሳየናል። ቁስሉን ብቻ ካሳየን ጠበቃ ሆነናል፤ እጁን ብቻ ካሳየን ደግሞ ከእኛ ጋር ምንም የማይገናኝ አውሬ አይተን ተመልሰናል።

የደብተሩን ነገር ለአጎቴ ልጅ የነገርኩት ሁለታችንም ትዳር ከያዝን በኋላ ነው። ሳቀ። «ያኔውኑ አውቄያለሁ፤ አመዱን ስጠርግ የደብተሩን ስቴፕል አግኝቻለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ለአባባ አልነገርክም?»

«ሰዓቱን ሲያስርልኝ ፊትህን አይቼው ነበር።»

ያን ቀን ሁለተኛ ጊዜ አለቀስኩ። እናንተስ፣ ከልብ የጠላችሁት ሳይሆን ያወቃችሁት ክፉ ገጸ ባሕርይ የትኛው ነው?