ፍሬን አይበጠስም

በእኛ አገር ፍሬን ይበጠሳል። መኪና ገደል በገባ ቁጥር፣ አይሱዙ ገበያ መሀል ሰው ላይ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የምንሰማው «ፍሬን በጥሶ ነው» የሚለውን ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ይላል። የሚበጠስ ገመድ ነው፤ እምቢ የምትል በቅሎ ናት። ከሹፌሩ እግር ሥር ያለው ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ያረጃል እንጂ መቼ ይበጠሳል?

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ድልብ ቁልቁለት ላይ ነው።

ከጋሸና ድንች ጭነን ወደ ቤታችን ወደ ሐራ እየወረድን ነበር። መኪናዋ የአባቴ አሮጌ ሃይሉክስ ናት። መሪው እኔ እጅ ነው፤ አባቴ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ከመነሳታችን በፊት ኮፈኑን ከፍተው የፍሬን ዘይቱን አይተው «ሙሉ ነው» ብለዋል። እውነትም ሙሉ ነበር።

ጠመዝማዛውን ካጋመስን በኋላ ፔዳሉ ለሰለሰብኝ። ጠጠር ያለው ነገር እንደ ስፖንጅ ሆነ። ደግሜ ስረግጠው ወለል ነካ።

«አባዬ፣ ፍሬን የለም።»

አባቴ አንድም ቃል ሳይናገሩ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያደረጉ መሳብ ጀመሩ። እኔ ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ቀጥሎ ወደ አንደኛ አወረድኩት። ሞተሩ እየጮኸ ያዛት። በተራራው በኩል ካለው ቦይ ውስጥ አንድ ጎማ ከትቼ አቆምኳት። ከኋላችን የነበረው ሲኖትራክ ጥሩንባውን እያንባረቀ አለፈን። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል። የተበጠሰ ነገር ፍለጋ ከሥሯ ገብቼ አየሁ፤ የተበጠሰም የሚንጠባጠብም የለም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ብረግጠው ፔዳሉ እንደ ጥንቱ ጠጠር ብሏል። «ዱዓችን ደረሰ» አሉ አባቴ። አሚን አልኩ። ወልዲያ ስንደርስ ያገኘነው ጋራዥ ውስጥ አንድ ልጅ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጦ «ምንም የለውም» አለን። ክዳኑ ላላ ብሎ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ጠርሙስ ጠብታ ታህል ጨመረልን፤ ሒሳብም ተቀበለን።

ነገሩ የገባኝ ሐራ ከደረስን በኋላ ነው። ሰፈራችን ካሉት አሮጌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍተው በባትሪ ካዩ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ይኼ ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?» ብለው ነው። ስለ መጉደሉ አልጠየቁም። አባቴን አየኋቸው፤ አባቴ እኔን አዩኝ። ሞተር ዘይት መቼ እንደተቀየረ በኪሎ ሜትር ይነግሩሃል። የፍሬኑን ግን ከገዟት ጀምሮ ሲጨምሩ እንጂ ሲቀይሩ አላየሁም።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። «የፍሬን ዘይት» እንበለው እንጂ ዘይት አይደለም። ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም፤ ይኼኛው ውሃን ከአየር ላይ ሳይቀር እየሳበ የሚያዋህድ ግላይኮል የሚባል ኬሚካል ዘር ነው። በዘይቱ ዕቃ ክዳን መተንፈሻ በኩል፣ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል እርጥበት ቀስ እያለ ይገባል። ዕቃው ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ውስጡ ግን ተለውጧል። ጠርሙሱ ላይ ዶት 3 የተባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲይዝ መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ብዙ መኪና ሠሪዎች በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት የሚሉት ለዚህ ነው። ክዳኑ ላልቶ መደርደሪያ ላይ የከረመው የዚያ ጋራዥ ጠርሙስም ያው ውሃውን ሲጠጣ ነው የከረመው።

አሁን ቁልቁለቱን አስቡት። ከነድንቿ 2.5 ቶን የምትሆን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ስትወርድ የሚለቀቀው ኃይል አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 2 ሰዓት ያህል ሲሰራ የሚያወጣውን ሙቀት ያክላል። 8 ቶን አይሱዙ ከሆነ 6 ሰዓት። ከዚህ ሞተሩና ነፋሱ ያልወሰዱት ሸራና ዲስክ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ፈሳሹ ይዘልቃል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እግር የገፋውን እስከ ጎማ ያደርሳል። ሲፈላ ግን እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ እግር የሚገፋው እንፋሎቱን ብቻ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ፔዳሉ የተመለሰልን፣ ጋራዡም «ምንም የለውም» ያለን በዚህ ነው። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብም ፍሬኗ የሚለካው በቀዝቃዛው ስለሆነ አሮጌው ዘይት በሰላም ያልፋል። (በዱዓው ላይ ያልኩትን አሚን አልመልስም፤ የእጅ ፍሬኑን ለመሳብ የአባቴ እጅ አልተንቀጠቀጠም።)

መካኒኩ ሥራውን የጀመሩት በሲሪንጅ ነው፤ አሮጌውን ከዕቃው መጠጡት። ቀለሙ የቡና ነው። ታሽጎ የመጣ አዲስ ዶት 3 ከፍተው ሞሉ። ከዚያ ከፖምፓው በጣም ከሚርቀው ጎማ፣ ከኋላ ቀኝ ጀመሩ። የማስተንፈሻዋን ብሎን በ10 ቁልፍ ከማላላታቸው በፊት ዝገቷን በሽቦ ብሩሽ አጸዱ፤ እዚያ ከተሰበረች ሌላ ጣጣ ነው። ጫፏ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ሰኩ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ጥቂት አዲስ ዘይት ባለበት ሃይላንድ ውስጥ ነከሩት። እኔ መሪው ላይ ተቀመጥኩ።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዝ!»

«ያዝኩ!»

ብሎኗን ሩብ ዙር ያህል ያላሏታል፣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይሰምጣል፣ ያጠብቋታል። «ልቀቅ!» ሳያጠብቋት ከለቀቅኩ አየር ተመልሶ ይገባል። አንዴ ተሳስቼ ለቀቅኩ። «አብሽር፣ እንደገና» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን አብሽር አይልም። በቱቦው ውስጥ መጀመሪያ ቡናማው መጣ፣ ቀጥሎ አረፋ የቀላቀለ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለው። የአንድ ተለማማጅ ልጅ ሥራ ደግሞ ዕቃው ሳይደርቅ መሙላት ብቻ ነበር። ከደረቀ ከላይ አየር ይገባና ከአንድ እንጀምራለን። ጠብታ የመኪናዋ ቀለም ላይ ስታርፍ ሮጦ በውሃ ያጥባል፤ ቀለም ትልጣለች።

ሞተር ዘይት ቢጨመርበትስ ብዬ ጠየቅሁ፤ መንገድ ላይ የቸገረው ሹፌር ሲያደርገው ሰምቻለሁ። መካኒኩ ከሳጥናቸው አንድ ያበጠ ጎሚኒ አውጥተው አሳዩኝ። የተቀቀለ ባቄላ መስሏል። የፍሬን ጎሚኒ የተሠራው ለግላይኮሉ እንጂ ለሞተር ዘይት አይደለም፤ ካበጠ ፖምፓው ውስጥ ይጣበቃል።

አራቱን ጎማ ጨርሰን እጄን ልታጠብ ስል «ፍሪሲዮኑስ?» አሉኝ። ረስቼዋለሁ። ያው ፈሳሽ ነው፤ አነስ ያለ የራሱ ዕቃ አለው፣ የራሱ ፖምፓ፣ ካምቢዮው ጎን የራሱ ትንሽ ማስተንፈሻ። ስንከፍተው ጥቁር ነው፤ ጎሚኒው እየተበላ የቀላቀለው። ፍሪሲዮን ሲደክም ማርሽ አልገባ ይላል፣ ሹፌሩ ሁለቴ ረግጦ ያስገባና ይረሳዋል፤ ማንንም አይገድልማ። እኔም እንዲህ ሳስብ ድልብ ትዝ አለኝ። ፍሬኑ ሲጠፋ ያዳነን አንደኛ ማርሽ ነው፤ ወደ አንደኛ ያወረደኝም ይኼ ጥቁር ነገር ነው።

ሐራ ላይ ይህን መጻፌ ሌላም ነገር ያስታውሰኛል። በቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርኬዚ የተሠራው ከአዋሽ በኮምቦልቻ የሚመጣው ሐዲድ የሚያልቀው እዚሁ ሐራ ገበያ ነው። የባቡር ፍሬን ዌስቲንግሃውስ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1872 ካሻሻለው ወዲህ በተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ አየሩ ከቱቦው ሲያመልጥ ፍሬኑ ይይዛል። የእኛ መኪና ደግሞ አየር ሲገባባት ትለቃለች። «በጠሰ» የሚለው ቃል ባጃጅ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እሱም ፍሪሲዮኑ ላይ፣ ምክንያቱም ሽቦ ነው። የባጃጅም ፍሬን ቢሆን በፈሳሽ ነው የሚሠራው።

መካኒኩ የዕቃው ክዳን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው ወሩንና ዓመቱን በእስክሪብቶ ጻፉበት። አሮጌው ዘይት የወረደበትን ሃይላንድ፣ ለስላሳ መስሎት የሚያነሳ ሕፃን እንዳያገኘው፣ ተለማማጁ ከሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት፤ መርዝ ነው።

ማታ ቤት ስገባ አይሱዙ የሚነዳው ጎረቤታችን አገኘኝ።

«ምን ሆና ነው የዋለችው?»

«የፍሬን ዘይት ቀይረን።»

«ስንት ጎድሎ ነበር?»

«ምንም አልጎደለም።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መብራቱን አበራና ወደ አይሱዙው ሄደ።