ራዲዮን የሚያውከው ማነው?

ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ጣቢያው ሲንጫጫበት በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሩቁን ነው። በእኛ አገር ደግሞ ለጥርጣሬው ምክንያት አለው። በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ሲታፈን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መንግሥት የማፈኛ መሣሪያውን አቅም ሲሞክር እንደቆየ በአደባባይ ተናግረው ነበር። የዚያን ጊዜ የነቃ ጆሮ እስከ ዛሬ አልተኛም።

ቡራዩ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እንዲህ ያለ ጆሮ አላቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የምሽት ጓደኛቸው በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ራዲዮ ናት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅን በአጭር ሞገድ ሊሰሙ ሲቀመጡ፣ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ቆሎ ያለ ጩኸት ዜናውን ይውጠዋል። «ደግሞ ጀመሩን፣ ልጄ!» ይሉኛል። እኔን ያጠራጠረኝ ግን ጩኸቱ እሑድ እሑድ አለመኖሩ ነው። አፋኝ ሰንበት ያከብራል ብዬ ማመን አቃተኝ።

ራዲዮዋን ተቀብዬ ግቢውን ዞርኩ። በሩ ጋ ስትደርስ ትረጋጋለች፤ ወደ ጓሮው ግድግዳ ስትጠጋ ታብዳለች። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ጎረቤታችን ከመኖሪያ ቤቷ አንዱን ክፍል የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አድርጋዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ሳይፈልግ ትንሽ የራዲዮ ማሰራጫ ይሆናል። በተለይ ፓወር ሰፕላዩ የመብራቱን ኃይል በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚያቀርብ፣ የቁርጥራጩ ፍንጣሪ እስከ መካከለኛና አጭር ሞገድ ድረስ ይዘልቃል። ገመዶቹ አንቴና ይሆኑለታል። ኤፍ ኤም የተሻለ ይቋቋማል፤ ድምፁን የሚሸከመው በሞገዱ የድግግሞሽ ለውጥ እንጂ በጉልበቱ አይደለምና።

አሜሪካኖች ይህን ጠባይ ለጨዋታ ተጠቅመውበታል። በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ዶምፒየር የተባለ ሰው አልቴር 8800 ከተባለው ኮምፒዩተር አጠገብ ራዲዮ አስቀምጦ፣ የሚያመልጠውን ጩኸት በፕሮግራም እየመጠነ የቢትልስን ዜማ አሰማበት። ኋላ ግን ኮምፒዩተር በየቤቱ ሲገባ መንግሥታቸው ለሚያመልጠው ሞገድ ወሰን አበጀ። ራዲዮ ሻክ የመጀመሪያውን ቲ አር ኤስ-80 በ1981 ከገበያ ያወጣው ወሰኑን ስላላሟላ ነበር።

የጎረቤታችንን ፓወር ሰፕላይ ጠጋኙ ሲከፍተው ያየሁት እስካሁን ይገርመኛል። የማጣሪያው ቦታ ሰሌዳው ላይ ተሥሏል፤ ዕቃው ግን የለም። ቀዳዳዎቹን በቁራጭ ሽቦ አገናኝተው አልፈውታል። ርካሽ የሆነው በዚህ ነዋ!

«ታዲያ ልዝጋው? የልጆቼ እንጀራ እኮ ነው» አለች። አከራዬ ቀና ብለው አዩዋትና «ማን ዝጊ አለሽ፣ ልጄ?» አሏት።

ጠጋኙ ከተበላሸ ሞኒተር ገመድ ላይ ያወጣውን ጥቁር የፌራይት ቀለበት አምጥቶ የኮምፒዩተሩን የመብራት ገመድ 4 ጊዜ ጠመጠመበት። ሁለት ቀዳዳ ብቻ የነበረውን ሶኬት ባለ ሦስት አድርጎ ከመሬት ጋር አገናኘው። እኛ ደግሞ የራዲዮዋን አንቴና በሽቦ ቀጥለን፣ ከግድግዳው ርቆ ወደቆመው ባሕር ዛፍ ወሰድነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የጠቀመው ይህ ነው፤ ርቀት ዋጋ አያስከፍልም። ጩኸቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከዜናው በታች ሆነ እንጂ።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። ሰበታ እኅቴ ቤት፣ የፉሪ ተራራ ማሰራጫዎች ቅርብ ስለሆኑ፣ ኮምፒዩተሩና ኤፍ ኤሙ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተስማምተው ይኖራሉ። እንጦጦ ከአዲስ አበባ የሚጋርዳት ሱሉልታ ግን ሌላ ናት፤ የሚደርሰው ሞገድ ሲደክም ትንሹም ጩኸት ያይላል። እዚያ የሚኖር ወዳጄ ኮምፒዩተሩን አጠፋ፤ የስልክ ቻርጀሩን ነቀለ፤ አምፖሉን ለወጠ። ባለፈው ቅዳሜ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተን በባትሪ ድንጋይ ብንሰማ ጩኸቱ እንዳለ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራዲዮውን ይዘን የጎረቤቶቹን አጥር እንዞራለን።