ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚመለሰው ትኩሳት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አባት በፕሮስቴት እብጠት ሽንታቸው ተዘግቶ ካቴተር፣ ማለትም የሽንት ቱቦ ገብቶላቸው ነበር። ከሳምንታት በኋላ ብርድ ብርድ እያላቸውና እያተኮሳቸው ልጃቸው አመጣቻቸው። አንቲባዮቲክ አዘዝኩ፤ ተሻላቸው። መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንቱ ተመለሱ። ጠንከር ያለ ሌላ አዘዝኩ። አሁንም ተሻላቸው፣ አሁንም ተመለሱ።

በሦስተኛው ልጅቷ "ዶክተር፣ መድኃኒቱ ነው የማይሠራው ወይስ አባቴ ናቸው የማይድኑት?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልምድ ያላት አንዲት ነርስ ናት "ይሄ ቱቦ እኮ ከገባ ቆይቷል" ብላ ያወጣችው። ውስጡ የሚያዳልጥ ንፍጥ መሰል ነገር ለብሶ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ስቀይር ቱቦውን አንድም ጊዜ አልቀየርኩትም።

ያ የሚያዳልጥ ነገር ባዮፊልም ይባላል፤ ባክቴሪያዎች በራሳቸው ሙጫ የሠሩት ቤት ነው። ባክቴሪያ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ በውስጡ ሳይክሊክ ዳይ ጂኤምፒ የሚባል የመልእክት ሞለኪውል ይበዛል። መልእክቱ "መዋኘት ይብቃህ፣ ሙጫ ሥራና ተቀመጥ" እንደማለት ነው። አንቲባዮቲኩ በሽንትና በደም ውስጥ ያሉትን ይገድላል፣ ትኩሳቱም ይወርዳል። ሙጫው ውስጥ ያሉት ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ።

ታዲያ እንዴት ይወጣሉ? መልእክቱን የሚቆርጥ መቀስ ባክቴሪያው ራሱ አለው፤ ፎስፎዳይስተሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። መልእክቱ ተቆርጦ ሲያንስ ባክቴሪያው ሙጫውን ለቆ መዋኘት ይጀምራል። (ስሙን ከቪያግራ ጋር ሰምታችሁት ይሆናል። ቪያግራ የሚያግደው ሰው ውስጥ ያለውን ሞክሼውን ነው፤ ኢንፌክሽን ያድናል ብሎ የሚጽፍልኝ እንዳይኖር!)

ይህ መልእክት የታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሞሼ ቤንዚማን ቡድን ሴሉሎስ የሚሠራ ባክቴሪያ ሲያጠና ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች መቀሱን ቀስቅሰው ቤቱን ለማፍረስ እየሞከሩ ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ ጥቂት ናይትሪክ ኦክሳይድ ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ ከሙጫው ያስወጣዋል። ያለ አንቲባዮቲክ ማስወጣት ግን የተሸሸገውን ጠላት ወደ ደም መልቀቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለካቴተር እስካሁን ዋናው መፍትሔ ያው የነርሷ ነው፦ ቱቦውን መቀየር፣ ካላስፈለገም ማውጣት።

ቤታችሁ ቱቦ ያለው ሰው ካለ የገባበትን ቀን መዝግቡ። ትኩሳት ከመጣና ቱቦው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ "ይቀየር ወይ? የሽንት ናሙናውስ ከአዲሱ ቱቦ ይወሰድ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ትኩሳትም ሕመምም ሳይኖር ሽንቱ ስለደፈረሰ ብቻ አንቲባዮቲክ አትግዙ። ቱቦውን ቤት ውስጥ ስባችሁ አታውጡ፤ ጫፉ ላይ በውሃ የተነፋ ኳስ መሰል ነገር ስላለ ይጎዳል።

እኚያ አባት አዲስ ቱቦ ገብቶላቸው አንድ ዙር መድኃኒት ወሰዱ። ቀዶ ሕክምናቸው እስኪደርስ ትኩሳቱ አልተመለሰም። ልጅቷ የዚያኑ ዕለት ከነርሷ እስክሪብቶ ተውሳ ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፋ ከረጢቱ ላይ ለጠፈችው።