አርባ እና ሰማንያ

ጋይንትም ሆነ ስማዳ፣ እስቴም ቢሆን እናቱ የሞተችበት ሰው «ብቻዬን ተዉኝ» ቢል ማን ሰምቶት! ከቀብር መልስ ጎረቤት ንፍሮውን፣ እንጀራውን ይዞ ከተፍ ነው። «እህል አላሰኘኝም» ብትል አንዷ አክስት ጉርሻ ጠቅልላ «አፈር ስሆን!» ትልሃለች፤ እምቢ አይባል ነገር። ከዚያ ሰልስቱ፣ 7ቱ፣ 12ቱ፣ 30ው፣ 40ው፣ 80ው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ። ጌሾ ይወቀጣል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ እንጨት ይፈለጣል፤ ሐዘንተኛው ሳይወድ በግዱ ይነሳል። ተዝካር ጎተራ ያራቁታል፣ ዕዳ ያስገባል የሚሉ አልተሳሳቱም። እኔ ግን ድግሱ ይቅር እንጂ ቀኑ አይቅር ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ሳምንትማ ቤቱ በሰው ይሞላል። ሐዘን የሚጠናው ሁሉም ወደየእርሻው ሲበተን ነው፤ ያኔ «እንዴት ከረምህ?» ብሎ በ40ው የሚመጣ ሰው ከሬሳ ሣጥን ተሸካሚው አያንስም።