የስንዴ ኮከብ ከአሰላ

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ አሰላ ስሄድ ሻንጣችን ውስጥ አንድም የዛፍ ጌጥ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ከሱቅ የገዛናቸው የሚያብረቀርቁ ኳሶች ጥምቀት ሳይደርስ ግማሾቹ ተሰባብረው ተጠርገዋል። ዘንድሮ ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እናቴ ከበዓሉ በኋላ ቤቱን አከራይታ አዲስ አበባ ከእኛ ጋር ልትኖር ተስማምታለች። ልጄ «የእማማ ቤት» በምትለው ግቢ የምናሳልፈው የመጨረሻው ገና ነው። ስለዚህ ከዚያ ቤት የሚቀር፣ በየዓመቱ ከሣጥን እያወጣን የምንሰቅለው ነገር በእጃችን እንሥራ አልኩ።

እናንተም ልጅ ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ መንገዱ አይከብድም። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ አዳማ ላይ ምሳ በልታችሁ ወደ ደቡብ ስትታጠፉ የሚቀራችሁ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዴራን አልፋችሁ ወደ ኢተያ ስትቃረቡ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ የመኪናው መስኮት ይዘጋል፣ ግራና ቀኙ የስንዴ ማሳ ይሆናል። የቁሉምሳን የግብርና ምርምር ማዕከል ካለፋችሁ ደርሳችኋል ማለት ነው። ከተማዋ ያለችው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር ነው። ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፤ ማታ ግን ብርዱ አይቻልም። እኔ ለልጄ አንድ ሹራብ ብቻ ይዤ ሄጄ፣ ምሽቱን ሁሉ የአያቷን ጋቢ እየጎተተች አሳለፈች።

መጀመሪያ ያሰብኩት የጨው ሊጥ ነበር። ብዙ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨውና አንድ ኩባያ ውኃ ተለውሶ፣ የልጅ መዳፍ ታትሞበት፣ በዝግታ ምድጃ ውስጥ እስኪደርቅ ይቆያል። ዱቄቱን ገና ስሰፍር እናቴ ከእጄ ወሰደችው።

«እህል በጨው ገድለሽ ግድግዳ ላይ ልትሰቅይ ነው?» አለችኝ።

ቤቴ ብሆን ኖሮ እከራከር ነበር። ግን ዕድሜዋን በስንዴ አገር የኖረች ሴት ፊት የስንዴ ዱቄት ለጨዋታ ማቡካት ምን እንደሚመስል ያኔ ገባኝ። መለኪያውን የነገርኳችሁ አዲስ አበባ ለምትሞክሩት ነው።

«ከፈለግሽ አገዳው አለልሽ» አለች ቀጥላ።

ታኅሣሥ በአርሲ አጨዳው የሚያልቅበት ጊዜ ስለሆነ አገዳ ሞልቷል። ያም ሆኖ ሁሉም አገዳ ለጌጥ አይሆንም። በሜዳው ላይ አብዛኛውን የሚያጭደው ኮምባይነር ነው፤ ማሽኑ ደግሞ አገዳውን ቀጥቅጦ ይጥለዋል። መጠየቅ ያለባችሁ ማሽን የማይደርስበትን፣ ከማሳው ጠርዝና ከዳገቱ ላይ በማጭድ የታጨደውን ነው። እኛ ከከተማው ወጣ ብለን አንድ ገበሬ ለመንን። «ለምንሽ ነው?» ብለው ልጄን ጠየቋት። «ለኮከብ» አለቻቸው። ሰውዬው አልሳቁም። ከነዶው መሀል ረጃጅሙን እየመረጡ፣ ዛላው እንዳይረግፍ አቅፈው ሰጧት። ገንዘብ ብንሰጥ እምቢ አሉ።

ከአገዳ የገና ኮከብ መሥራት የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ስዊድኖች ከገለባ ኮከብና ፍየል እየሠሩ ለገና ያኖራሉ። ስዊድንና አሰላም ባዕድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የተጀመረውና ለአካባቢው ገበሬ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ያዳረሰው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ መቀመጫው አሰላ ነበር። እናቴ ስለ ልጅነቷ ስታወራ ዛሬም «በካዱ ጊዜ» ብላ ነው የምትጀምረው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አገዳውን ከአንጓ እስከ አንጓ ቁረጡና ለብ ባለ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ንከሩት፤ ካልተነከረ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አራቱን እንደ መስቀል ደራርባችሁ መሀሉን እናንተ ያዙ፤ ክሩን ልጁ ይጠምጥም፣ አንዴ በላይ፣ አንዴ በታች። እኛ ቀይ ክር ተጠቀምን። ጫፉን በመቀስ ማስተካከል ይቻላል ብዬ ልጨምር ነበር፤ ግን እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ።

የልጄ የመጀመሪያ ኮከብ ጠማማ ነበር። አንዱ እግሩ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ክሩም ተወሳስቦ መሀል ላይ እንደ ቋጠሮ ያበጠ። ማታ እሷ ስትተኛ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። ክሩን ፈትቼ ደግሜ ጠመጠምኩ፣ ጫፎቹን እኩል ቆረጥኩ፣ ፎቶም አነሳሁ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ዓይኔ ፎቶ ላይ የሚያምረውን ነገር ይወዳል። ጠዋት ልጄ አገላብጣ አየችውና «ይሄ የኔ አይደለም» አለች። ነው ብዬ ዋሸኋት። «የኔ አንድ ትልቅ እግር ነበረው» አለችና አለቀሰች። የተቆረጠ አገዳ አይቀጠልም። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ቆምኩ።

እናቴ ምንም ሳትናገር ጓዳ ገብታ በጨርቅ የተጠቀለለ አለላ ይዛ ወጣች፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። መሶቧን ስትሰፋ የተረፋት ነው፤ እኔ ሳልወለድ። ዓይኗ እንደ ድሮው ስላልሆነ ስፌት ከተወች ቆይታለች። አለላውን ነከረች፣ ውስጡን በስንዴ አገዳ ሞላች፣ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ሰፌድ ጀመረች። በወስፌው የምትወጋው እሷ ናት፣ ወስፌ ለአምስት ዓመት ልጅ አይሰጥም። አለላውን በቀዳዳው የምታሾልከውና የምትጎትተው ልጄ ናት። ዓይንና እጅ ተካፈሉ ማለት ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። አንዳንዱ ስፌት ላልቷል፣ ቀዩ አረንጓዴው ቦታ ገብቷል። እኔ መቀሱን ከጠረጴዛው አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ለዛፍ ጥድ አልቆረጥንም። የአበሻ ጥድ ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት የሚያውቅ ለሁለት ሳምንት ጌጥ አይቆርጠውም። ከአጥር የተመለመለ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አሮጌ እንስራ ውስጥ አቆምን፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ፍሬውንም በክር አያይዘን ሰቀልነው።

በገና ጠዋት ሙስሊሟ ጎረቤታችን መጡ። ልጄ «አኮ» ነው የምትላቸው፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የእናቴ ጾም እስኪፈታ ጠብቀው ጩኮ ይዘውልን ነው የመጡት፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የራሰ። ልጄ አንዱን ጠፍጥፋ ዛፉ ላይ ልትሰቅል ስትል ያዝናት። አኮ ሳቁና ቤታቸው ተመልሰው ከአሮጌ የወተት ጭጮ ላይ የወለቀ ዛጎል አመጡላት። «ይሄን ስቀዪ። ጩኮውን ብዪው» አሏት።

ጌጦቹን ያስቀመጥነው በብስኩት ቆርቆሮ ነው። ዛላ ያለውን ከመክተታችሁ በፊት ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት፤ አለዚያ ነቀዝ ይወልዳል። ከሰፌዱ ጀርባ «አሰላ» ብዬ ጽፌ፣ ዓመተ ምሕረቱን ጨምሬ፣ ትንሽ ወረቀት ሰፋሁ። እኔ ያበላሸሁትን ኮከብ መጣል ፈልጌ ነበር፤ ልጄ ግን ነጥቃኝ ከተተችው።

ስንመለስ እናቴ ከኋላ ወንበር፣ መሶቧን ታቅፋ ተቀመጠች። ቁሉምሳ ላይ ልጄ ቆርቆሮውን ከፍታ መቁጠር ጀመረች። «ይሄ የእማማና የኔ። ይሄ የአኮ። ይሄ ደግሞ» አለች ቀጥ ያለውን ኮከብ ወደ እኔ እያሳየች፣ «ያንቺ።»

«ክደኚው፣ ነፋስ ይወስደዋል» አለች እናቴ።